ለጅቡቲ ተሸኝቼ ፍኖተ ሰላም

ሰው የሚታማው ሄዶ ሲቀር ነው፤ አለዚያም ሳይጠሩት መጥቶ ሲቀመጥ። እኔ ግን ሳልሄድም ሳልመጣም የታማሁ ሴት ነኝ። ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉና ላጫውታችሁ። ጊዜ ከሌላችሁም ግድ የለም፤ አንድ ቀን ቪዛ የጠየቃችሁ እንደሆነ ጊዜ ይተርፋችኋል፣ ያኔ ታነቡታላችሁ።

የመጨረሻዋ ልጄ ይታይሽ የምትኖረው ጅቡቲ ነው። እዚያ ለከባድ መኪና ሾፌሮች ሽሮና ጥብስ የምታቀርብበት ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ባሏም ከነዚያው ሾፌሮች አንዱ ነበር፤ ሽሮ ሊበላ ገብቶ እዚያው ቀረ። ሽሮውን ያስተማርኋት እኔ ስለሆንሁ ከጋብቻው ላይ ድርሻ አለኝ እላለሁ። ብዙ ዓመት ልጅ አጥታ፣ ስለት ስትሳል ኖራ፣ ዘንድሮ እግዚአብሔር ሰማትና አረገዘች።

በእኛ አገር ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ባል ቢከፋው፣ አማት ብታኮርፍ ይህ አይቀርም። የይታይሽ ሐኪም ግን «በዚህ ሆድሽ መኪና ላይ አትወጪም» ብሎ መንገድ ከለከላት። እሷ ስልክ ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። «አንቺ ወደ እናትሽ ቤት መምጣት ካልቻልሽ የእናትሽ ቤት ወደ አንቺ ይመጣል» አልኋት። የእናት ቤት ማለት ማገሩና ቆርቆሮው አይደለ፤ እኔ ነኝ። ሌሎቹ ልጆቼ ጤና ጣቢያ ሄደው ሲወልዱ እንኳ ወገባቸውን የደገፍሁ እኔ ነኝ። የይታይሽን ወገብ ማን ሊደግፍላት ነው?

ፓስፖርቱን ልጆቼ ባሕር ዳር ወስደው አስወጡልኝ። የቀረው ቪዛ ነው አሉ። ቪዛ ምን እንደሆነ የነገረችኝ ፍኖተ ሰላም መሥሪያ ቤት ተቀጥራ የምትኖረው የልጅ ልጄ ማስተዋል ናት።

«እምዬ፣ የጎብኚ ቪዛ ነው የምንጠይቅልዎ» አለችኝ በስልክ። «እዚሁ ሆኜ በኢንተርኔት እሞላዋለሁ፤ በቀናት ውስጥ ይመጣል።»

«ይመጣል» የምትለዋን ቃል የያዝኋት እንደ ገጠር ሴት ነው። እኛ ዘንድ መኪና ይመጣል ሲባል ሰው ቤቱ ተቀምጦ አይጠብቅም፤ ጓዙን ይዞ አስፋልት ዳር ይወጣል። ቪዛንም መንገድ ላይ የሚሳፈሩት ነገር አደረግሁት።

በዚያ ላይ የወሩ የማርያም ማኅበር ተራ የኔ ነበር። ሰው ሁሉ እኔ ቤት ይሰበሰባል፤ ጠላው ተጠምቋል፣ ዳቦው ተደፍቷል፣ የንስሐ አባቴም ይመጣሉ። ለሽኝት ሌላ ድግስ ከምደግስ በዚያው ተመርቄ ልውጣ አልሁ። ሌላው ሰው የመንገዱን ቀን የሚቆርጠው ቪዛውን ይዞ ነው፤ እኔ የቆረጥሁት ጠላዬን አይቼ ነው። የዚህ ሁሉ መከራ ምንጭ ይህ ነው። ጠላው ግን ጥሩ ወጥቶልኝ ነበር።

ሽኝቱስ ምን ልበላችሁ! ለአራስ ገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄት፣ ቅቤ፣ በሶ፣ ማር ሁሉም አመጣ። ጎረቤቴ ደብሬ ደግሞ አንዲት ቄብ ዶሮ እግሯን አስራ አመጣችልኝ። ከደብሬ ጋር ወሰን ላይ ባለች አንዲት ባሕር ዛፍ ስንከራከር ኖረናል። ሥሯ የደብሬ መሬት ላይ ነው፤ ጥላዋ ግን የኔን በቆሎ ያቀጭጫል። እኔ ዛፏ ትቆረጥ እላለሁ፣ ደብሬ በቆሎሽን አርቀሽ ዝሪ ትላለች። ዶሮዋን ስታቀብለኝ «ይህ ለይታይሽ ነው፤ ከዛፏ ጋር አይገናኝም» አለችኝ። «እኔም አላገናኘውም» አልኋት። እንዲህ ነን።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ይህን ካልነገርኋችሁ የቀረው አይገባችሁም። በእኛ ሰፈር ልጇን ልታርስ የተሸኘች ሴት ከመንገድ አትመለስም። ከተመለሰች የልጇም ምጥ ይመለሳል ይባላል፤ ሕፃኑ ልውጣ ልቅር እያለ እናቱን ያንገላታል። የንስሐ አባቴ «ይህ ከንቱ ልማድ ነው፣ ተዉት» እያሉ ይቆጡናል። ልክ ናቸው። ግን የሚያምጡት እሳቸው አይደሉም።

እንዲህ ተመርቄ፣ እልል ተብሎልኝ፣ ቡሬ ወጥቼ ሚኒባስ ያዝሁና ፍኖተ ሰላም ገባሁ። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ፣ ዱቄቱን ከኋላ፣ ዶሮዋን ጭኔ ላይ አድርጌ ማስተዋል የተከራየችበት ግቢ ደረስሁ። በሩን ከፍታ ስታየኝ ደስታም ድንጋጤም ፊቷ ላይ ተጋፉ።

«እምዬ! ምነው በደህና?»

«ወደ ጅቡቲ እየሄድሁ ነው። ቪዛውን አምጪው።»

«ገና እኮ አልተጠየቀም! ፎቶዎ የለኝም እኮ!»

ጓዜ ላይ ቁጭ አልሁ። ዶሮዋም ቁጭ አለች።

በማግስቱ ፎቶ ቤት ሄድን። ፎቶ አንሺው ትሑት ጎልማሳ ነው።

«እማማ፣ ነጠላውን ከጆሮዎ መለስ ያድርጉልኝ።»

«በጆሮዬ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሕጉ ነው እማማ።»

«ለሁሉም ነው ወይስ ለኔ ብቻ?»

«ለሁሉም።»

«ለሚኒስትሩም?»

ሰውዬው ማስተዋልን አየ፣ ማስተዋል ጣሪያውን አየች። «ለሚኒስትሩም እማማ።»

«እንግዲያውስ ይሁን» ብዬ ገለጥሁ። ሕግ ለሁሉም እኩል ከሆነ ጆሮዬን አልሰስትም። ፎቶው ሲወጣ ግን የተሰረቀ በጓን ልታስመልስ የመጣች ሴት መስያለሁ። ማስተዋል «ድጋሚ እንነሳ» አለች፤ እኔ «ፊቴ ይኸው ነው፣ ሲያዩኝ እንዳይደነግጡ ቀድመው ይወቁት» አልሁ።

ማታውን ሳንጠብቅ እዚያው ፎቶ ቤቱ በር ላይ፣ ኔትወርኩ ሳይሄድ መሙላት ጀመረች። ጥያቄውን እያነበበች ትነግረኛለች። ስም፣ ትውልድ፣ ሁሉም ደህና። ከዚያ «የጉዞው ዓላማ» ላይ ደረስን።

«ልጄን ላዋልድ በይ» አልኋት።

«እምዬ፣ ‹ለጉብኝት› ነው የሚባለው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያስሞላው።»

«ሁሉም ሰው ሲዋሽ እኔም ልከተለው? ምን ልጎበኝ ነው የምሄደው? ተራራ አጥቼ ነው? የሰው አገር በውሸት አልገባም።»

«ውሸት አይደለም፣ የቪዛው ዓይነት እንደዚያ ተብሎ ነው የሚጠራው።»

«ስሙን ያወጡት ሰዎች እውነቱን ሲሰሙ ያሻሽሉታል። ልጄን ላዋልድ በይ!»

መሠረተ ትምህርት ላይ ፊደል የቆጠርሁ ሴት ነኝ፤ የምፈርምበትን አውቃለሁ። ማስተዋል ተነፈሰች፣ በእንግሊዝኛዋ እንዳልሁት ጻፈች፣ ላከች። እኔም ደረቴን ነፋሁ። እውነት ተናግሬ መልስ እጠብቃለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ምን ክብር አለ?

መልሱ በጨዋ ቃል መጣ። ለማዋለድ ሥራ የሚገባ ሰው የሙያ ፈቃዱንና የቀጣሪውን ደብዳቤ አያይዞ የሥራ ቪዛ ይጠይቅ ይላል።

«ይኸው!» አለች ማስተዋል። «አዋላጅ ነርስ አደረግንዎ! አሁን ቀጣሪዎ ማን ነው ይላሉ።»

«እግዚአብሔር በያቸው።»

«አድራሻ ይጠይቃሉ እምዬ።»

እውነት ለመናገር፣ ሰዎቹ ልክ ናቸው። እኔ ብሆን ማንም እየተነሣ አገሬ ገብቶ ልጅ እንዲያዋልድ አልፈቅድም። የነሱም ነርሶች እንጀራ የሚበሉበት ሥራ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ ይሞላ ተባለ፣ በጉብኝት። እኔ ግን እንቢ አልሁ። ማስተዋል ለመነችኝ፣ ተቆጣች፣ አኮረፈች። በመጨረሻ አንድ መላ መጣልኝ።

«እዚያ አገር ሰው የሚጎበኘው ምን አለ?» አልኋት።

«ባሕር አለ።»

«ባሕር አይቼ አላውቅም። እንግዲያው እንደ ደረስሁ መጀመሪያ ባሕሩን አያለሁ፣ ከዚያ ወደ ልጄ እሄዳለሁ። ያኔ ጉብኝት ብንል ውሸት አይሆንብንም።»

«ሲደርሱ ይታይሽ ምጥ ላይ ብትሆንስ?»

ይህን አላሰብሁትም ነበር። «በመኪናው መስኮት አየዋለሁ» አልሁ።

ተላከ። መጠበቅ ተጀመረ።

አሁን ችግሩ የት እንዳለ ልብ በሉ። አገሩ ሁሉ ሸኝቶኛል። ወደ ቤቴ መመለስ አልችልም፤ የይታይሽ ምጥ አለ። እዚሁ መቀመጤም መታወቅ የለበትም፤ ፍኖተ ሰላም ላይ ቁጭ ብላለች ከተባለ፣ ተመለሰች የሚሉ አይጠፉም። ፍኖተ ሰላም ደግሞ መደበቂያ ከተማ አይደለም። ዞኑ እዚህ ነው፣ ሆስፒታሉ እዚህ ነው፣ ክስ ያለበት፣ ሕመም ያለበት፣ በርበሬ የሚሸጥ ሁሉ የሚመጣው እዚሁ ነው። ከቡሬ የሚመጣ መኪና በግቢው አጥር ሥር ባለፈ ቁጥር እንደ ሌባ ከመስኮት እርቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ!

ዶሮዋን «ዶሮ ድንበር አያልፍም እምዬ፣ ሰውም በስንት ልመና ነው» ብላ ማስተዋል ግቢው ውስጥ ለቀቀቻት። ዶሮዋም ከኔ ቀድማ ኑሮ ጀመረች። ከአከራይዋ አውራ ዶሮ ጋር ተዋወቀች። እንቁላል መጣል ጀመረች። ቪዛው ግን አይመጣም። ማስተዋል ከሥራ በተመለሰች ቁጥር ስልኳን አይና «መጣ?» እላለሁ። «አልመጣም እምዬ፣ እንቁላል ግን አለ» ትላለች። ኋላ ዶሮዋ እንቁላሏ ላይ ተቀመጠችና ዐቀፈች። ጫጩት ይዤ ነው የምሻገር ማለት ነው አልሁ በሆዴ።

ስልኩ ደግሞ አለ። የማኅበሩ ሴቶች በደብሬ ልጅ ስልክ ይደውላሉ። እኔ መዋሸት አልወድም። ሰው ሲዋሽ ካገኘሁትም አልለቀውም፤ ይህን አገር ያውቃል። እስቲ ይህን ስሙልኝ።

«ሃሎ! ደረስሽ ወይ?» አለች ደብሬ፣ ጅቡቲ ድረስ በጉሮሮዋ ልታሰማኝ እየጮኸች።

«ደረስሁ» አልሁ። ማስተዋል ቤት መድረሴ እውነት ነው።

«ሙቀቱስ?»

እኩለ ቀን ነው፤ የተቀመጥሁት ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። «አናት ይበሳል።»

«እሰይ፣ ቁርጥማትሽን ይፈውስልሻል! ውሃውስ?»

የቧንቧው ውሃ ከሄደ ሰንብቷል። «ውሃስ ችግር ነው።»

«አይ አንቺ! ባሕር ዳር ተቀምጠሽ ውሃ ቸገረኝ ትያለሽ? ጨው ነው አይጠጣም የሚሉት እውነት ነው?»

«ያልቀመስሁትን አልናገርም።»

«ይታይሽስ? ሆዷ ገፋ?»

«ገፍቷል አሉ።»

«አሉ? ማን አለ? አታዪም እንዴ?»

ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርክ ጠፋ ብዬ አልዋሸሁም፤ ዝም ብዬ ነው የዘጋሁት። አንዲት ውሸት አልተናገርሁም፤ ግን እውነቲቱን በዙሪያ ጥምጥም እያስሄድሁ እግሯን እንዳቆሰልሁት ይሰማኛል። ሌላ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባገኘው ምን እንደምለው አውቃለሁ። ለራሴ ግን ዝም አልሁ። ሰው ለራሱ ጠበቃ አያጣም።

በገበያ ቀን የዶሮዋ ጥሬ አለቀ። ማስተዋል ሥራ ሄዳለች። ዐቃፊ ዶሮ ማስራብ ደግሞ ግፍ ነው። ስለዚህ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ የማስተዋልን ጥቁር መነጽር አድርጌ፣ ጃንጥላዋን ዘርግቼ ወጣሁ። በሱቅ መስታወት ሳየው ራሴን አላወቅሁትም። ጎብኚ አይደለሁም ስል ጎብኚ ሆኜ አረፍሁት። አንድ ባጃጅ ነጂ «ሆቴል ልውሰድዎት?» አለኝ። እርምጃዬን አፈጠንሁ።

ጥሬዬን ገዝቼ በበርበሬ ተራ በኩል ስመለስ ማንን ባይ ጥሩ ነው? ደብሬን። በርበሬዋን በጆንያ አስጭና መጥታ ለነጋዴ እያስመዘነች ነው። ጃንጥላዬን ዝቅ አድርጌ ላልፍ ስል ሚዛኑን አየሁት።

ጆንያው ከመስቀያ ላይ ተንጠልጥሏል። ነጋዴው ሚዛኑን የሚያነብ መስሎ ጠጋ ብሎ፣ ጉልበቱን ከጆንያው ሥር አድርጎ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይደግፈዋል። ደብሬ የምታየው የሚዛኑን መርፌ ነው፤ ጉልበቱ አይታያትም። የዓመት ልፋቷ ጉልበት ላይ ተቀምጦ ይቀላል።

ተይ፣ አልሁ ለራሴ። ልጅሽን አስቢ። ምጧን አስቢ። ደግሞም ደብሬ ናት፤ ባሕር ዛፏ በቆሎሽን ስታቀጭጭ ማን ጮኸልሽ? እለፊ።

አንድ ጆንያ ወረደ፣ ሌላ ተሰቀለ። ጉልበቱም አብሮ ተመለሰ። ሁለት እርምጃ ሄድሁ። እግሬ ይሄዳል፣ አንገቴ ግን ወደ ኋላ ዞሯል። ሦስተኛው ጆንያ ሲሰቀል አፌ እኔን ሳይጠይቅ ተከፈተ።

«አንተ! ጉልበትህን ከሰው በርበሬ ሥር አውጣ!»

ነጋዴው ዞሮ ከጥቁር መነጽርና ከጃንጥላ ሌላ የሚያየው አጣ።

«ማነዎት እሜቴ? ምን አገባዎት?»

«ሚዛን ያገባኛል! እሷ ስታርም፣ ስትለቅም አንተ ጉልበትህ የት ነበር? ዛሬ ነው የምታግዛት?»

ደብሬ ድምፄን ለየችው። እንደ ባሕር ዛፏ ደርቃ ቆመች። ከዚያ ሦስት ጊዜ አማተበችና ለገበያተኛው ሁሉ ጮኸች፦ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ! ባሕር በላት! መንፈሷ ነው የመጣው! መንፈሷም እንደሷው ክርክር ይወዳል!»

«አልሞትሁም!» አልሁ መነጽሩን አውልቄ። «መጀመሪያ በርበሬሽን አስመዝኚ፣ ከዚያ ታለቅሽልኛለሽ!»

ተመዘነ። ሦስቱም ጆንያ እንደ አዲስ፣ ነጋዴው ሁለት እርምጃ ርቆ። ስንት ኪሎ እንደ ጨመረ አልነግራችሁም፤ ነጋዴው ግን ያን ቀን ጉልበቱን እንደ አመመው ሰው እያሸ ዋለ።

ከዚያ ደብሬ ዞረችብኝ።

«ጅቡቲ ደረስሁ አላልሽኝም?»

«ደረስሁ ነው ያልሁ። ጅቡቲ ያልሽው አንቺ ነሽ።»

«ሙቀቱ አናት ይበሳል አላልሽም?»

«ነይ ከቆርቆሮው ሥር ተቀመጪና እዪው።»

«ባሕሩስ?»

«ያልቀመስሁትን አልናገርም ብዬሽ አልነበር!»

አየችኝ። ጋቢዬን አየች፣ ጃንጥላዬን አየች፣ በቁራጭ ጨርቅ የቋጠርሁትን የዶሮ ጥሬ አየች። ሳቋ ሲፈነዳ በርበሬዋ ላይ ተቀመጠች፣ ሳቁና በርበሬው ተረዳድተው አስነጠሷት። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ደብሬ» አልኋት፣ «ታወቅሁ። ተመለሰች ይባላል። የይታይሽ ምጥስ?»

ደብሬ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «የተመለሰ ሰው የሚገኘው ቤቱ ነው» አለችኝ። «ያንቺ ቤት ተቆልፏል። ላምሽን የማልባት እኔ ነኝ፤ ወተቱንም የምጠጣው እኔ ነኝ። ተመልሰሽ ቢሆን ይህን ትፈቅጅ ነበር? አልተመለስሽም እቴ። ዘገየሽ እንጂ።»

በዚያን ሰዓት ባሕር ዛፏ ብትቆረጥ የማለቅስላት መሰለኝ።

«ለማንም አልናገርም» አለች ስንለያይ። ደብሬ ለማንም አልናገርም ያለችውን ነገር አገር የሚሰማው ከማታ በፊት ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ የማኅበሩ ሴቶች በጋሪም በሚኒባስም ተጭነው መጡና የማስተዋልን ግቢ ሞሉት። ዳቦ ይዘዋል። ሊፈርዱብኝ ነው ወይስ ሊጠይቁኝ ብዬ ፊታቸውን ሳጠና፣ የሁሉም ጥያቄ አንድ ሆኖ ተገኘ፦ «እስቲ መነጽሩን አድርጊው እንይ!» አደረግሁት። ምን ይደረግ? ሳቁ ሳያልቅ የማስተዋል ስልክ ጮኸ።

የይታይሽ ባል ነው። ምጥ ጀምሯታል፤ ሆስፒታል ገብተዋል።

እኔ ስልኩን ጨበጥሁ። ወገቧን የምደግፍበት እጅ ይኸው፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ስልክ ይዟል። ያኔ ነው ቪዛ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው» አለች ደብሬ፤ ስልኩን ማስተዋል ዱቄቱ ላይ አስደግፋ አስቀመጠችው። ሴቶቹ ዙሪያውን ከበቡት። ቤት ውስጥ ምጥ ሲሆን እንደምናደርገው «ማርያም ማርያም» ማለት ጀመሩ፤ ከስልኩ የይታይሽ ጩኸት፣ ከግቢው ልመናችን።

«ይታይሽ!» አልሁ። «እምዬ ነኝ! ትንፋሽሽን አታባክኚ! ለጩኸቱ እኛ አለንልሽ፤ አንቺ ግፊ!»

ከወዲያ አንዲት ሴት በማላውቀው ቋንቋ የሆነ ነገር አለች። «ነርሷ ነች» አለ ባልየው፣ «ስልኩን ዝጋው ትላለች።»

«ሥራዋን ትሥራ፣ እኔም ሥራዬን እሠራለሁ! ይታይሽ፣ ወገብሽን ወደ ኋላ! ባልሽን ደግፈኝ በይው፤ ሽሮ ሲበላ የኖረው ለዛሬ ነው!»

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ጉልበቴ መሬት ላይ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ቀሚሴን ሳየው ነው። ብቻ አንድ ጊዜ ከስልኩ እንደ ግልገል ቀጭን፣ እንደ ከሳሽ ቁጡ የሆነ ልቅሶ መጣ።

«ሴት ናት!» አለ አባትየው እያለቀሰ። «ሁለቱም ደህና ናቸው!»

እልልታው ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ቆመ።

«ምነው?» አልሁ ቀና ብዬ።

«ሴት ናት እኮ» አለች አንዷ። «ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው።»

«ማን ቆረጠው? ለሴት ሲሆን ምጡ ይቀላል እንዴ? እሱም በጉልበት የሚደገፍ ሚዛን አለው? ቀጥሉ!»

ቀጠሉ። ሰባት ሞላ። ደብሬ ስምንተኛውን ብቻዋን ለቀቀችውና «ይህቺ ለዘገየችው አያቷ ናት» አለች።

ኋላ ላይ ይታይሽ ራሷ ስልኩን ያዘች፣ ድምፅዋ ደክሟል። «እምዬ፣ ስትቆጭኝ እዚያው ቤትሽ የተኛሁ ነው የመሰለኝ» አለችኝ። «ነርሷም ቋንቋሽ ሳይገባት ደንግጣ ቶሎ ቶሎ ሠራች።» ይህን ስትለኝ ጋቢዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁት። አቧራ ነበር፤ ማንም ሌላ ነገር አላየም።

ስልኩ እንደ ተዘጋ ማስተዋል ስክሪኑን አየችና አፏን ያዘች።

«እምዬ... መጣ!»

«ምኑ?»

«ቪዛው!»

የሚደገፈው ወገብ ካለቀ በኋላ የመጣ ቪዛ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ እንደመጣ ጃንጥላ ነው። ተቀመጥሁ። ከዚያ ግን እንዲያነቡልኝ ጠየቅሁ። ለጉብኝት ይላል። ሳስበው ሳስበው ሳቄ መጣ። አሁን የማዋልደው የለኝ፣ የምደግፈው የለኝ። የምሄደው አንዲት ሕፃንና አንድ ባሕር ለማየት ብቻ ነው። ያ እንቢ ያልሁት ቃል ፊደሉ ሳይነካ እውነት ሆኖ ቆየኝ። ቪዛው የዘገየው ሰዎቹ በድለውኝ ሳይሆን፣ ውሸት አልፈርምም ብዬ እኔው ስላጓተትሁት ይመስለኛል። ለምኜ ያገኘሁት ነው፤ ማንን እከሳለሁ?

ዶሮዋ ከእንቁላሏ አትነሣም፤ ከነጎጆዋ ለደብሬ ተሰጠች። ጫጩቶቹን እኩል እንካፈላለን፤ አከራይዋ «አውራውስ የኔ አይደል?» ብትል አንዲት ጫጩት ፈረድሁላት፤ ፍርድ ነው።

በሚቀጥለው ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ባለፈው እልል ብለው ተበትነው ነበር፤ አሁን ግን መኪናው ሞልቶ እስኪነሣ አንዳቸውም ንቅንቅ አላሉም። ሽኝት አይመስልም፤ ጥበቃ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ደብሬ በመስኮቱ በኩል ተንጠራራች።

«ሙቀቱን ደውለሽ ንገሪን!»

«ስደርስ እደውላለሁ!» አልኋት።

መኪናው መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ እሷ ግን አብራ እየሮጠች፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች፣

«የት ስትደርሽ?» አለችኝ።